ከበር እስከ በር፦ የአካል ተሐድሶ አገልግሎት ታሪክና የመቀናጀት ጥያቄ

መግቢያ

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የከባድ መኪና አካባቢ ነው። ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ሥራው ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ምንጭ ሆነው ኖረዋል። ማሽንና መኪና በበዛበት ሥፍራ ደግሞ የአጥንት ስብራትና የእጅና የእግር መቆረጥ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ክፍለ ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ በምሠራበት ጊዜ፣ ዕድሜያቸው በአርባዎቹ አጋማሽ የሚገመት አንድ ሠራተኛ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። ቀኝ እግራቸው በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ምክንያት ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ስምንት ወር ሆኖታል። በፌስታል ውስጥ ተጣጥፈው የተቀመጡ ሦስት ወረቀቶች አወጡልኝ። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገናው ያለ ችግር መጠናቀቁን ይገልጻል። ሁለተኛው «ቁስሉ ድኗል፤ ለሰው ሠራሽ እግር ይላክ» ይላል። ሦስተኛው ጉልበታቸው ታጥፎ ስለ ደረቀ፣ እስኪቃና ድረስ ሰው ሠራሽ እግር ሊገጠምላቸው እንደማይችል ያስረዳል። ሁለተኛውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ቁስሉን አይቻለሁ፤ ጉልበቱን ግን አላየሁም።

ባለቤታቸው «ዶክተር፣ እንዳያመው ብዬ ሌትም ቀንም ከጉልበቱ ሥር ትራስ አደርግለት ነበር» አሉኝ። እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው ከጉልበቱ ሥር ትራስ ማድረግ እንደሌለበት፣ ጉልበቱን በየቀኑ መዘርጋት እንዳለበት፣ ቀሪው የእግር ክፍል በላስቲክ ፋሻ በአግባቡ መጠቅለል እንዳለበት የሚያውቅ ባለሙያ በሦስቱም ተቋማት ነበር። ለእኚህ ሴት የነገራቸው ግን አልነበረም። ከሦስቱ ወረቀቶች አንዱም ሐሰት አልጻፈም፤ ሦስቱ ተደምረው ግን አንድን ሰው ማራመድ አልቻሉም።

ይህ ጽሑፍ ወቃሽ ለመሆን የተነሣ አይደለም። ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት የሚሰጡ ተቋሞቻችን እንዴት በየበራቸው ተለያይተው እንደ ቆሙ በታሪክ መነጽር ለማየት፣ ተባብረው የሠሩባቸውን ጊዜያት ለማስታወስና ከዚያም ለዕለት ሥራችን የሚጠቅም ትምህርት ለመውሰድ የታሰበ ነው።

በአንድ ጣሪያ ሥር፦ የዘነበወርቅ ልምድ

በአገራችን ከዘመናዊ የአካል ተሐድሶ ቀደምት ምዕራፎች አንዱ የተጻፈው በሥጋ ደዌ ሕክምና ዙሪያ ነው። ከጣልያን ወረራ ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ ዳርቻ የተሠራውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው ሆስፒታል ለዓመታት ዋና ተግባሩ ሕሙማኑን ማስጠጋትና መንከባከብ ነበር። በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ሥፍራ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ተሐድሶና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በአጭር ስሙ አለርት፣ ተቋቋመ። አለርት ከመነሻው የትብብር ውጤት ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ በወቅቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው ተቋም፣ የሥጋ ደዌ ረድኤት ድርጅቶችና ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ተሐድሶ ማኅበር በመሥራችነት ተሰልፈዋል። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በአጠገቡ ተተከለ።

የዚህ ትብብር መሠረት ሕክምናዊ ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ በሕንድ አገር በቬሎር ባካሄዱት ሥራ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጣታቸውን የሚያጡት በሽታው ሥጋቸውን ስለሚበላ ሳይሆን፣ ነርቫቸው ሲጎዳ ሕመም ስለማይሰማቸውና ያልተሰማ ቁስል እየተደጋገመ ስለሚያጠፋቸው መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ግንዛቤ የሕክምናውን ባለቤት ከአንድ ወደ ብዙ ለወጠው። ባክቴሪያውን የሚገድለው መድኃኒት ነው፤ የተጣመመውን ጣት ጅማት አዛውሮ የሚያቃናው ቀዶ ሐኪም ነው፤ የተቃናውን ጣት ሥራ የሚያስተምረው ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ የውስጥ እግር ቁስል ተመልሶ እንዳይመጣ የሚከላከለው ጫማ ሠሪው ነው፤ ማታ ማታ እግሩን እያየ የሚመረምረው ደግሞ ሕመምተኛው ራሱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የሌሎቹ ድካም ከንቱ ይሆናል።

በአለርት ግቢ እነዚህ ሙያዎች ጎረቤታሞች ነበሩ። ሐኪሙ ጫማ ሠሪውን ለማማከር ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልገውም፤ ግቢውን ማቋረጥ ይበቃዋል። የሥጋ ደዌ መቆጣጠሪያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1994 ከሳንባ ነቀርሳ ፕሮግራም ጋር ተጣምሮ ወደ አጠቃላይ የጤና አገልግሎት ሲገባ ብዙ ተገኘ፤ መድኃኒቱ ለሕመምተኛው ቀረበ፤ የመገለሉም አጥር መላላት ጀመረ። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ አብሮ ተወለደ። መድኃኒት በየጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ጫማ ሠሪ ግን በመደርደሪያ አይቀመጥም። ሙያዎቹን ያገናኝ የነበረው ጣሪያ ሲቀር በምን ይተካ? የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄም ይኸው ነው።

ፖሊዮና መናገሻ

ሁለተኛው በር የተከፈተው ለሕፃናት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ የነበሩት እንግሊዛዊው ሌናርድ ቼሻየር እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በአገራቸው የመሠረቱት የረድኤት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በመናገሻ የተቋቋመው የቼሻየር ማዕከል በፖሊዮ እግራቸው የሰለለ ሕፃናትን ተቀብሎ ከቀዶ ጥገና በፊትና በኋላ የማገገሚያ፣ የፊዚዮቴራፒና የደጋፊ ብረት አገልግሎት በመስጠት ይታወቃል።

የፖሊዮ ሕክምና የጊዜን ጉዳይ ያስተማረ ነው። ልጅ ያድጋል፤ ብረት አያድግም። በአምስት ዓመቷ የተለካላት ብረት በሰባት ዓመቷ ያጥራል፤ ያጠረ ብረት ያቆስላል፤ ያቆሰለ ብረት ከአልጋ ሥር ይጣላል፤ የተጣለ ብረት ደግሞ ልጅቱን ወደ መዳህ ይመልሳታል። ስለዚህ ማዕከሉ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ልጅቱ ወደ መንደሯ ከተመለሰች በኋላ የሚያያት የጤና ባለሙያ፣ የሚቀበላት መምህርና የሚያስታውሳት ወላጅ ከሌሉ ሥራው ግማሽ ነው። ቼሻየርን የመሳሰሉ ድርጅቶች ከጊዜ በኋላ ከማዕከል ወጥተው ወደ ማኅበረሰብ ተኮር ተሐድሶ የገቡበት ምክንያት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የአፍሪካ አህጉር በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል። በክትባት የተገኘ ታላቅ ድል ነው። ነገር ግን በልጅነታቸው ብረት ያደረጉት ዜጎች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች እድሳት ይሻሉ። በሽታው ቢጠፋም ተገልጋዩ አልጠፋም።

ጦርነትና ወርክሾፕ

ሦስተኛውን በር የከፈተው ጦርነት ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በምሥራቅና በሰሜን የተካሄዱት ውጊያዎች እጅግ ብዙ ወጣቶችን እጅና እግር አሳጡ። በደርግ ዘመን በደብረ ዘይት የተቋቋመው ጀግኖች አምባ የጦር ጉዳተኞች መኖሪያና ማገገሚያ ሆነ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1979 የአካል ተሐድሶ ሥራ ሲጀምር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። የተባበሩት መንግሥታት 1981ን (እ.ኤ.አ.) የአካል ጉዳተኞች ዓመት ብሎ ካከበረ በኋላ፣ ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ1983 ለአካል ጉዳተኞች ልዩ ፈንድ አቋቋመ። ይህም ፈንድ በአዲስ አበባ ከአፍሪካ አገሮች ለተውጣጡ ቴክኒሻኖች ሥልጠና ይሰጥ ነበር። በእንጨት፣ በቆዳና በብረት ይሠራ የነበረው ሰው ሠራሽ እግር ቀስ በቀስ ፖሊፕሮፒሊን በተባለው ቀላልና ርካሽ ፕላስቲክ እየተተካ ሄደ።

የጦርነቱ በር አንድ ጥንካሬና አንድ ድክመት ነበረው። ጥንካሬው የተካነ ባለሙያና በአገር ውስጥ የሚመረት መሣሪያ መፍጠሩ ነው። ድክመቱ ወርክሾፑ ከሆስፒታሉ ይልቅ ለጦር ጉዳተኛው ሰፈር የቀረበ ሆኖ መታሰቡ ነው። ሰላማዊው ተቆራጭ፣ ማለትም የስኳር ሕመምተኛው፣ መኪና የገጨው ተማሪ፣ ማሽን የያዘው ሠራተኛ፣ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ሆነ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ደግሞ የተሐድሶ ፍላጎትን እንደገና አበራክቶታል።

አንድ ሰው፣ ሁለት መሥሪያ ቤት

በሮቹ የተለያዩት በበሽታና በጦርነት ብቻ አይደለም፤ በአስተዳደርም ነው። በ1963 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ተመሠረተ። የዚያ ዘመን አስተሳሰብ አካል ጉዳተኛውን፣ ሠርቶ ማደር ካልቻለ ሕፃንና አረጋዊ ጋር በአንድ ምድብ የሚያይ፣ ጉዳዩንም ከጤና ይልቅ የችግረኛ መርጃ የሚያደርግ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርታት ሆስፒታሎች በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ሲቆዩ፣ በርካታ የሰው ሠራሽ አካል ማዕከላት በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርና በክልል ቢሮዎቹ ሥር ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲዛወር፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጠ። እግሩን ያጣው የአቃቂ ሠራተኛ እንግዲህ ለቁስሉ ወደ አንዱ፣ ለእግሩ ወደ ሌላው፣ ለሥራው ወደ ሦስተኛው መሥሪያ ቤት መሄድ አለበት ማለት ነው።

ሕጉ በበኩሉ ብዙ ተራምዷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች የተሐድሶ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 101/1986ን የተካው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ስምሪት የሚደረግ አድልዎን ከልክሏል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አጽድቃለች። ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች በይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ እርሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛው በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ከሕክምናና ከመድኃኒት ወጪ በተጨማሪ አስፈላጊ የሆነ የሰው ሠራሽ አካልና የአጥንት ድጋፍ መሣሪያ ወጪንም ይሸፍናል። በምርመራ ክፍሌ የተቀመጡት ሰው ይህን አያውቁም ነበር። እኔም በዚያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የማውቀው ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምር ነበር።

ተገልጋዩ ሲናገር

የትብብር ታሪክ የአገልግሎት ሰጪዎች ታሪክ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ዓይነ ሥውራን ብሔራዊ ማኅበር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሌሎችም የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ከዚያ በኋላ ተደራጅተው መብታቸውን ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ማኅበራቱ በፌዴሬሽን ተሰባሰቡ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሐኪሙና ወርክሾፑ ገና በየበራቸው ሳሉ ተገልጋዮቹ ቀድመው አንድ ላይ መቀመጣቸው ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት ከአልማ አታው የ1978 (እ.ኤ.አ.) ጉባኤ በኋላ ያስፋፋው ማኅበረሰብ ተኮር ተሐድሶም በዚሁ መንፈስ የተቃኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው መመሪያ ጤናን፣ ትምህርትን፣ መተዳደሪያን፣ ማኅበራዊ ሕይወትንና አቅም ማጎልበትን እንደ አንድ ሥራ አምስት ዘርፎች ያያል። በአገራችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ማኅበረሰብ ተኮር ተሐድሶ ሥራ የማስተማሪያ ተቋም ከመንደርና ከቤተሰብ ጋር ሊተሳሰር እንደሚችል ያሳየ ነው።

በሩ ሲከፈት፦ ሁለት ምሳሌዎች

ትብብር ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል የሚለው አስተያየት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። የመጀመሪያው ምሳሌ ወጌሻን ይመለከታል። ወጌሻ አጥብቆ ያሰረው ቀርከሃ የደም ዝውውርን ሲያቋርጥ እግር በጋንግሪን ይጠፋል። አብዛኞቻችን ይህን ባየን ቁጥር እንቆጣለን፤ ቁጣችን ግን ወጌሻው ዘንድ አይደርስም። ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የገጠር ሆስፒታል አካባቢ ለሚሠሩ ወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚደርሰው የእጅና የእግር መቆረጥ በጉልህ መቀነሱን አመልክተዋል። ወጌሻውን ማባረር ያላስገኘውን ውጤት ጠርቶ ማነጋገር አስገኘ።

ሁለተኛው ምሳሌ ቆልማማ እግር ነው። ከአንድ ሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ ከዚህ ችግር ጋር ይወለዳል። ኢግናስዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያዳበሩትና በአገራችንም የሚሠራበት ዘዴ በየሳምንቱ በሚለወጥ ጄሶ እግሩን ቀስ በቀስ ያቃናል፤ ለአብዛኞቹም የቋንጃ ጅማት በትንሽ ቀዶ ጥገና ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ የተጣመረ ልዩ ጫማ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሌትና ቀን፣ ከዚያም አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት ማድረግ አለበት። በዚህ ሕክምና ውስጥ አዋላጇ፣ ጄሶ የሚያስረው ባለሙያ፣ ጫማ የሚሠራው ቴክኒሻንና እናት እኩል ድርሻ አላቸው። አዋላጇ ካላየች ሕክምናው ይዘገያል፤ እናት ጫማውን ካቆመች እግሩ ተመልሶ ይጣመማል። ያለ ሰንሰለት የማይሠራ፣ ሰንሰለቱ ከጸና ግን ሕፃኑን እንደ እኩዮቹ የሚያስሮጥ ሕክምና ነው።

ወደ አቃቂ ስንመለስ

በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ነርሶችን ወደየቤቱ አድርሷል። በ2004 ዓ.ም. ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በክፍለ ከተማው ተከፍቷል። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር እስከ ቃሊቲ ደርሷል። በሮቹ ከቀድሞው በዝተዋል፤ መንገዱም አጥሯል። የቀረው በበሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ባለቤት መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጤና ጉባኤ ተሐድሶን የጤና ሥርዓት አካል ለማድረግ ያሳለፈው ውሳኔ ተፈጻሚ የሚሆነውም በየምርመራ ክፍላችን ነው። ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ማንም የጤና ተቋም ተጨማሪ በጀት ሳይጠብቅ ሊጀምራቸው የሚችላቸው አራት ነገሮች ይወጣሉ ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ የሪፈር ወረቀት መላኪያ ብቻ ሳይሆን መነጋገሪያ ይሁን። የተቆረጠ እግር ያለው ሰው ሲላክ የቁስሉ ብቻ ሳይሆን የመገጣጠሚያው ሁኔታ፣ ቤተሰቡ የተነገረው ምክርና ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። ተቀባዩም መልስ ይላክ፤ መልስ ያልመጣበት ሪፈር እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠር።

ሁለተኛ፣ ተሐድሶ ከቀዶ ጥገና በኋላ ሳይሆን በፊት ይጀምር። እግሩ ሊቆረጥ ያለ ሰውና ቤተሰቡ በዚያው ሳምንት ፊዚዮቴራፒስት ቢያገኙ፣ ፊዚዮቴራፒስት በሌለበትም ነርሷ ስለ ትራሱ፣ ስለ ፋሻውና ስለ ጉልበት ልምምዱ ብትነግራቸው ብዙ ጉልበት ከመድረቅ ይድናል።

ሦስተኛ፣ በየጤና ጣቢያው አንድ ባለሙያ በአካባቢው ያሉትን ወርክሾፖች፣ ማኅበራት፣ የወረዳ ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችና ትምህርት ቤቶች ስምና አድራሻ የያዘ ዝርዝር ይኑረው፤ በየሦስት ወሩም ተገናኝተው ስለሚጋሯቸው ተገልጋዮች ይመካከሩ።

አራተኛ፣ ተገልጋዩና ቤተሰቡ በዚህ ምክክር ላይ መቀመጫ ይኑራቸው። በሦስቱ ተቋማት መካከል የተመላለሱት እነርሱ ብቻ ናቸውና መንገዱን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማጠቃለያ

የሥጋ ደዌ፣ ፖሊዮና ጦርነት በየተራ ሦስት በሮችን ከፍተውልን አልፈዋል። በየበሩ የቆሙት ሰዎች ትጉሃን ነበሩ፤ ዛሬም ናቸው። ዘነበወርቅ ላይ ሐኪሙና ጫማ ሠሪው ግቢ ተጋርተው የሠሩትን ሥራ፣ ዛሬ ግቢ የማንጋራው እኛ በወረቀት፣ በስልክና በምክክር ልንሠራው ግድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ ለዚህ ነው።

በመግቢያው ያነሣኋቸው ሰው ከአራት ወር የፊዚዮቴራፒ ልምምድ በኋላ ጉልበታቸው ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተቃና። ሰው ሠራሽ እግርም ተገጠመላቸው። ወደ ቀድሞ ሥራቸው ግን አልተመለሱም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠበቁ ቆይተው ቦታቸው ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። በመጨረሻ ለክትትል ሲመጡ በእግራቸው ገብተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ትራሱን የት እንዳደረጉት ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ ለጎረቤታቸው ለአራስ ሰጥተውታል። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሩ የተቆረጠ ሰው ሳይ ከቁስሉ በፊት ጉልበቱን እዘረጋለሁ፤ ከዚያም በምን ላይ አሳርፎ እንደሚተኛ እጠይቃለሁ።